ደንስታን ወይስ ፒርዝ? ሁለት ብርቅ የእንግሊዝ የወንድ ስሞች

ሁለቱም ውስጥ ድንጋይ አለ፤ የመጡበት መንገድ ግን ለየቅል ነው።

ምንጭ፦ ደንስታን ጥንታዊ እንግሊዝኛ ነው፤ «ስታን» ድንጋይ ማለት ነው። ፒርዝ ከፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን የወረሩት ኖርማኖች ከ1066 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ያስገቡት፣ የጴጥሮስ (ትርጉሙ ዓለት) የፈረንሳይ መልክ ነው።

ዝና፦ ደንስታንን ያቆየው በ988 (እ.ኤ.አ.) ያረፈው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ነው፤ በጉጠት የሰይጣንን አፍንጫ ያዘ ይባልለታል (የወርቅ አንጣሪዎች ጠባቂም ነው)። ከፒርዝ ዝና የተረፈው ይበልጡን ፒርሰን የሚለው የቤተሰብ ስም ነው።

አጠራር፦ ደንስታን አያደናግርም። ፒርዝ ግን በ«ዝ» ካልተዘጋ ፒርስ የተባለ ሌላ ስም ይሆናል፤ ፊደሉም ይምታታል።

ለማን፦ ለንደን ያለ ሐበሻ ቤተሰብ ልጁን ጴጥሮስ ብሎ ካስጠመቀ ፒርዝ ይገጥመዋል። ስታን የሚል ቁልምጫ የሚፈልግ ደንስታንን ይያዝ።