የአዘዞው የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት፦ የአንዲት እናት አስተያየት

ዘንድሮ አራተኛ ክፍል የሚገባውን ልጄን ጎንደር፣ አዘዞ፣ እኛ ሰፈር በሚሰጠው ነጻ የማጠናከሪያ ትምህርት አስመዝግቤው ነበር። የሚያስተምሩት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ ትምህርት ቤታቸው በክረምት ሕዝብ የሚያገለግሉበትን ሰዓት ሞልተው እንዲመጡ አስገድዷቸዋል። ልላክ አልላክ ለምትሉ ወላጆች ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሒሳቡ ግሩም ነው። ልጄ ክፍልፋይ ሲባል ፊቱ ይጠቁር ነበር። እሱን እንድታስጠና የተመደበችው የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ሰሌዳውን ትታ ከደብተሯ አንድ ወረቀት ገነጠለችና ለሁለት አጠፈችው። «ይሄ ስንት ነው?» «ግማሽ።» ደግማ አጠፈች። «አሁንስ?» «ሩብ!» ሦስተኛውን ከእጇ ነጥቆ ራሱ አጠፈና «ስምንተኛ፣ ቲቸር!» ብሎ ጮኸ። መምህሩን የማይጠይቀውን ሁሉ እሷን ይጠይቃታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፅ ስለማይሰማ ልጆቹን ዙሪያዋ ሰብስባ ትቀጥላለች እንጂ አታቋርጥም። እግዜር ይስጣት።

እንግሊዝኛው ግን ከመጽሐፍ መገልበጥ ብቻ ነው፤ ብዙ አትጠብቁ።

ያናደደኝ ቁጥጥሩ ነው። ፈርሞ ገብቶ ኋላ ወንበር ላይ ስልኩን ሲነካካ የሚውል ጎረምሳ አለ፤ ሰዓቱ ከዚያች ልጅ እኩል ይቆጠርለታል። ይሄ ግፍ ነው።

ቢሆንም ግዴታው ይቅር ከሚሉት ጋር አልስማማም። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከቤተሰብ ተነጥለው ገበሬውን ሊያስተምሩ ገጠር ዘምተዋል። ከዚያ ጋር ሲተያይ በሰፈር ልጅ ማስጠናት ምን አላት? እዚሁ ከተማችን በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ ሕዝብ መሀል ነው ያሠለጠናቸው። ወጣት ኃላፊነት ሲሰጠው ይሠራል። የኛዎቹ ግን የተሰጣቸው የሰዓት መሙያ ወረቀት ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ሦስት ሕፃን በስም ይሰጠው፤ ነሐሴ ማለቂያ ላይ ሕፃናቱ ያወቁት ይታይለት። ያኔ ስልክ የሚነካካው ልጅም መላ ይፈልጋል።

ሒሳብ የደከመ ልጅ ያላችሁ ያለ ሐሳብ ላኩ። ስታስመዘግቡ ማን እንደሚያስተምረው ጠይቁ፤ በሳምንቱም ሄዳችሁ ደብተሩን እዚያው ከአስጠኚው ጋር እዩት።