ምስጋናም ጥቆማም፦ ባሕር ዳር ውስጥ ጎረምሳ ልጅ ላላችሁ ወላጆች

ከተማችን ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት የሚሰጡትን መምህርት በወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ህብረት አባላት ስም እናመሰግናለን። ስማቸው እዚህ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እንነግራችኋለን።

የልጅ ውጤት ሲያሽቆለቁል ወላጅ የሚሮጠው ወደ አስጠኚ ነው። እሳቸው የሚጀምሩት ከእንቅልፍ ነው። ወረቀት ላይ 24 ሳጥን አስምረው ልጁ የትናንት ውሎውን በየሰዓቱ እንዲሞላ ያደርጋሉ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። በዚህ ዕድሜ ሰውነት እንቅልፍ የሚጠራው አምሽቶ ስለሆነ «በጊዜ ተኛ» ማለት ብቻውን አይሠራም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስተካክሉት የመነሻ ሰዓቱን ነው፦ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት፣ ወዲያው ወደ ብርሃን መውጣት፣ ስልኩን ከመኝታ ክፍል ውጭ ቻርጅ ማድረግ። ከዚያ የመኝታው ሰዓት በየሁለት ሦስት ቀኑ 15 ደቂቃ ቀደም እያለ ይሄዳል። ነገሩ የሚበላሸው ልጁ እሁድ እስከ ቀትር ሲተኛ ወይም ወላጅ ስልኩን ጨርሶ ሲነጥቅ ነው፤ የተነጠቀው ልጅ የጓደኛውን ተውሶ ብርድ ልብስ ውስጥ ይደበቃል።

ጥናት ላይም ደጋግሞ ማንበብን አይወዱም፤ ያልገባውን የገባ ያስመስላላ! 30 ደቂቃ አስነብበው መጽሐፉን ያስከድናሉ፣ ልጁ ያስታወሰውን ይጽፋል፣ የጎደለውን ብቻ ተመልሶ ያያል። በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀንና ከሳምንት በኋላ ይደገማል። እንቅስቃሴን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይመክራል፤ ለጥ ባለች ከተማ ባጃጁን ትቶ በብስክሌት መመላለስ ጥሩ ጅምር ነው።

ለሴት ልጆች ሞዴስ፣ ሳሙናና ቅያሪ የውስጥ ልብስ ያለበት ሳጥን አዘጋጅተዋል። ቁልፉ ያለው በተማሪዎቹ ተወካዮች እጅ ነው። ቢሮ ሄዶ መጠየቅ የግድ ቢሆን ኖሮ ሳጥኑ ሞልቶ፣ ልጅቷ ደግሞ ቤቷ ትቀር ነበር።

አንዳንድ ወላጅ የሚያኮርፈው ምስጢር ስለሚጠብቁ ነው። እኛ ግን ትልቁ ብቃታቸው ይኸው ይመስለናል። ገና በመጀመሪያው ቀን ለልጁ ወሰኑን ይነግሩታል፦ ራስን መጉዳት፣ ጥቃት ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ መውደቅ ካለ ለሚመለከተው ይናገራሉ፤ ሌላው እዚያው ይቀራል። ስለ ሞት ሐሳብ ፊት ለፊት ይጠይቃሉ፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይዘራም፣ ልጁ እንዲናገር በር ይከፍታል። አደጋ ካዩ በዚያው ቀን ወላጅ ጠርተው ወደ ሆስፒታል ይልካሉ። ድባቴው ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ልጁም ከጓደኛና ከሚወደው ነገር ከራቀ፣ «የዕድሜው ነው» ብለው አያልፉትም፤ ወደ አእምሮ ሐኪም ይመሩታል።

ቅዳሜ ጠዋት የሌላ ትምህርት ቤት ልጆችንም ይቀበላሉ። በፈተና ሰሞን ወረፋው ስለሚረዝም ቀደም ብላችሁ ቀጠሮ ያዙ። ልጁን ሳትነግሩት አታምጡት፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ፈልገህ ነው የመጣኸው?» ብለው ነው።