የጄን አዳምስ ቤት፦ ቺካጎ ለሚኖር ስደተኛ ቤተሰብ የሚመከር ሙዚየም

በቺካጎ ደቡብ ሃልስቴድ ጎዳና፣ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ዳር፣ እ.ኤ.አ. በ1856 የተሠራ የጡብ መኖሪያ ቤት አለ። ሃል ሃውስ ይባላል፤ ጄን አዳምስ የተባሉ አሜሪካዊት በስደተኞች መካከል የኖሩበትና ያገለገሉበት ቤት ሲሆን፣ ዛሬ ሙዚየም ነው። ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄን ይዤ ሄጄ ነበር፤ ልጅ ይዞ በባዕድ አገር ለሚኖር ወላጅ ሁሉ ይህን ሙዚየም ከልብ እመክራለሁ።

ጄን አዳምስ በ1860 ኢሊኖይ ውስጥ ሲዳርቪል በተባለች ትንሽ ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለዱ። በለንደን የተማሩ ወጣቶች ከድሆች ሰፈር ገብተው የሚኖሩበትን ቶይንቢ ሆልን ከጎበኙ በኋላ፣ በ1889 ከጓደኛቸው ከኤለን ጌትስ ስታር ጋር ጣሊያኖች፣ ግሪኮች፣ አይሁዶችና ሌሎች ስደተኞች በተጨናነቁበት በዚህ ሰፈር ቤት ይዘው ገቡ። ምጽዋት ሰጥቶ ወደ ምቹ ቤት መመለስን ትተው ጎረቤት መሆንን መረጡ። ቆሻሻው በጊዜ የማይነሳ በመሆኑ የሰፈሩ ሕፃናት መታመማቸውን ሲያዩ፣ በ1895 የቆሻሻ ተቆጣጣሪነት ሹመት ተቀብለው ማለዳ እየተነሡ የጽዳት ጋሪዎቹን ይከታተሉ ነበር። ከ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማታቸው ይልቅ እኔን የነካኝ ይህ ነው።

ጎረቤቶቻቸው ያስተማሯቸውም ነገር አለ። ለሠራተኞች ርካሽና ገንቢ ምግብ የሚያቀርብ የሕዝብ ወጥ ቤት ከፍተው ነበር፤ ስደተኞቹ ግን የለመዱትን የአገራቸውን ምግብ መረጡ፣ አዳምስም ይህን ሐቅ በግልጽ ጽፈው ተቀበሉ። እንጀራ ፍለጋ ከተማ አቋርጦ የሚሄድ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ከሁሉም በላይ ልቤ የቀረው በ1900 ስላቋቋሙት የሥራ ሙዚየም በሚነገረው ታሪክ ላይ ነው። አዳምስ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ሰፈር ውስጥ ተቀምጠው በእንዝርት ሲፈትሉ አዩ። የእነዚህ እናቶች ልጆች ግን ፋብሪካ ገብተው፣ እንግሊዝኛ ለምደው፣ በእናቶቻቸው አለባበስና አነጋገር ያፍሩ ነበር። ስለዚህ አዳምስ እናቶቹ ሙያቸውን በሰው ፊት የሚያሳዩበትን ክፍል አዘጋጁ፤ ልጆቹም እናታቸው በጥበቧ ስትደነቅ ቆመው አዩ። ልጄ "እንዝርት" የሚለውን ቃል ከእኔ የሰማችው ያን ቀን ነበር። አያቷ ጥጥ ሲያባዝቱና ሲፈትሉ ምን ይመስሉ እንደነበር በእጄ አሳየኋት፤ እሷም ደጋግሜ እንዳሳያት ጠየቀችኝ።

ሙዚየሙ ሰፊ አይደለም። ሃል ሃውስ በደመቀበት ዘመን አሥራ ሦስት ሕንጻዎች ነበሩት፤ በ1960ዎቹ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሠራ አብዛኞቹ ፈርሰው የቀሩት ዋናው ቤትና በ1905 የተሠራው የመመገቢያ አዳራሽ ብቻ ናቸው። መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ቲያትር ቤቱና ሌላው ሁሉ ዛሬ በፎቶግራፍ እንጂ በአካል አይታይም፤ ይህ እጅግ ያሳዝናል። በሃል ሃውስ ስም ማኅበራዊ አገልግሎት ይሰጥ የነበረው ድርጅትም በ2012 ተዘግቷል።

በሰማያዊው መስመር ባቡር ዩአይሲ ሃልስቴድ ጣቢያ ወርዶ በእግር መድረስ ይቻላል። ከመሄድ በፊት የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አያት አብረው የሚኖሩ ከሆነ እሳቸውንም ይዞ መሄድ ይበጃል፤ እኛ በሚቀጥለው ጊዜ እናቴን ይዘን እንመለሳለን።