ለልጄ ትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት፣ እግዜር ይስጥልኝ

ሰላም ወገኖቼ፣ በተለይ ቨርጂኒያ ልጅ የምታሳድጉ። አንዲት ሴት በአደባባይ ላመሰግን ነው። ስሟን አልጠራም፤ ካነበበች ራሷን ታውቃለች።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ነው። የክፍሉ ልጆች በግሩፕ ቻት ሲያሾፉበት ከረሙ። አንድ ማታ «ቆይ፣ ሁላችሁንም አሳያችኋለሁ» ብሎ ጻፈላቸው። አንዱ ልጅ ስክሪንሾት አንስቶ ለትምህርት ቤቱ ላከ። በማግስቱ ሲደወልልኝ ጉልበቴ ከዳኝ። ፖሊስ፣ መባረር፣ ያልመጣብኝ ሐሳብ የለም።

ሳይኮሎጂስቷ ከሁሉ በፊት አማርኛ አስተርጓሚ በስልክ አስገባችልኝ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃል፤ ለእንዲህ ያለ ቀን ግን አይበቃም። ቤት ውስጥ መሣሪያ እንዳለ ጠየቀችኝ። ደነገጥኩ። ማንንም ወላጅ እንደምትጠይቅ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረች።

«ምሳ ከማን ጋር ነው የምትበላው?»

«ከማንም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ዝም ብላ ጠበቀችው። ያኔ ነው ለወራት የቋጠረውን ሁሉ የዘረገፈው።

የጻፈው የንዴት ቃል እንጂ ያቀደው ነገር እንደሌለ አጣርታ ደረሰችበት። ልጆቹን ይቅርታ ጠየቀ፤ ሲያሾፉበት የነበሩትም ከነወላጆቻቸው ተጠሩ። አሁን በየሳምንቱ ታገኘዋለች። ኳስ ቡድን ውስጥም ያስገባችው እሷ ናት።

ደግነቷ የራሷ ነው፤ አሠራሩ ግን የሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 32 ሰው ተገደለ። በ2013 ደግሞ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉ «ትሬት አሰስመንት ቲም» (ዛቻን የሚገመግም ቡድን) እንዲቋቋም ቨርጂኒያ በሕግ ደነገገች። ቡድኑ ውስጥ የምክር፣ የማስተማር፣ የአስተዳደርና የሕግ ማስከበር ባለሙያዎች አሉ። ሥራቸው ልጁ እዚያ ደረጃ የደረሰው ለምን እንደሆነ አጣርቶ ነገሩ ሳይከር መርዳት ነው።

ስክሪንሾቱን ለላከው ልጅም ምስጋናዬ ይድረሰው። ሴክሬት ሰርቪስ (የአሜሪካ ፕሬዚዳንትን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት) በ2002 ባወጣው ጥናት 37 የትምህርት ቤት ጥቃቶችን መርምሮ ነበር። ከአሥሩ በስምንቱ ገደማ፣ ጥቃቱ ሊደርስ መሆኑን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነበር። ስለዚህ ልጆቻችሁን «የሰው ነገር ምን አገባህ» አትበሏቸው። የሚያሰጋ ነገር ካዩ ለአዋቂ ይናገሩ፤ ይህ ማሳበቅ አይባልም።

እናንተም የልጃችሁ ትምህርት ቤት ቢሮ ሄዳችሁ የዚህ ቡድን ኃላፊ ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ምንም ሳይፈጠር። አስተርጓሚ ስጡኝ ማለትም መብታችሁ ነው፤ አይከፈልበትም።