ስፖንሰር የሌለው ተጫዋች ሻፍት ሲመርጥ፦ የባለ 12.4ቱ ሬቮ ግምገማ ከደብረ ብርሃን

ፕሪዴተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ ያቀረበው ሬቮ የተባለ የካርቦን ፋይበር ሻፍት፣ ማለትም የፑል ስቲክ የፊተኛው ግማሽ፣ በሰሜን ሸዋ ፑል ቤቶች ገና ብርቅ ነው። የጫፉ ውፍረት 12.4 ሚሊሜትር የሆነውን ደብረ ብርሃን ባሉ ጠረጴዛዎች ላይ፣ ቆላ በወረድኩ ጊዜም ሸዋ ሮቢት ውስጥ ስጫወትበት ቆይቻለሁ። ጥቁሩን ዘንግ ያየ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ የሚጠይቀኝ «በዚህ የሚጫወተው የትኛው ሻምፒዮን ነው?» እያለ ነው። ብዙ ተጫዋች ገንዘቡን ያለ ቦታው የሚያወጣው በዚህ ጥያቄ እየተመራ ስለሆነ፣ ግምገማዬን ከእሱ መጀመር ይኖርብኛል።

ታላላቅ ተጫዋቾች በእጃቸው የሚይዙት ስቲክ የውል ጉዳይ ነው። አምራቹ እንደ ተጫዋቹ ደረጃ ለአንዱ ገንዘብ፣ ለሌላው የጉዞ ወጪ፣ ለብዙዎቹ ግን ዕቃ ብቻ ይሰጣል፤ ተጫዋቹም በምላሹ የአምራቹን ምልክት በሸሚዙ ላይ ለጥፎ በውድድርም በማስታወቂያም በዚያው ኩባንያ ስቲክ ይታያል። ውሉ ሲያበቃ ወደ ሌላ አምራች ቢዛወር፣ አዲሱን ስቲክ ይዞ ያንኑ የቀድሞ ጨዋታውን ይጫወታል። ዋንጫ ከስቲኩ ዓይነት እንደማይመጣ ግልጽ ምስክር የሚሆነኝ አሜሪካዊው ሼን ቫን ቦኒንግ ነው። ቫን ቦኒንግ ለረጅም ዓመታት የኪውቴክ ኩባንያ ተጫዋች ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ የዩኤስ ኦፕን የ9 ኳስ ውድድርን እ.ኤ.አ. በ2007፣ በ2012፣ በ2013፣ በ2014 እና በ2016 አሸንፏል። ኪውቴክ ሲነርጂ የተባለውን የካርቦን ሻፍቱን ያወጣው ግን በ2019 ነው። በ2022 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ካርቦኑ ከመጣ በኋላ ይሁን እንጂ፣ አምስቱ የዩኤስ ኦፕን ዋንጫዎች አስቀድመው ቤቱ ገብተው ነበር። ከእሱ በፊት ኧርል ስትሪክላንድና አሊሰን ፊሸር የዚሁኑ ኩባንያ ስም ሲያስጠሩ የነበረውም በፋይበርግላስ የተሸፈነ፣ ዋጋው ተራ ተጫዋች የሚደርስበት ስቲክ ነበር።

ይህን ስል ስፖንሰርነት ምንም አይነግረንም ማለቴ አይደለም። እንጀራው በጨዋታው ላይ የተመሠረተ ሰው በሚያሳፍረው ዕቃ ለመጫወት አይስማማምና፣ ዕቃው ቢያንስ መጥፎ አለመሆኑን ያረጋግጥልናል። ከዚያ ያለፈ ነገር ግን አይነግረንም። እነሱ የሚጫወቱት ጨርቁ አዲስ በሆነ፣ ኳሶቹ በየጊዜው በሚጸዱበት ባለ 9 ጫማ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ኳስ የሚነካው የሻፍቱ ጫፍ ቆዳ ሲያልቅ የሚቀይርላቸው ባለሙያ አላቸው፤ ሻፍቱ ቢሰበር ሌላ ይላክላቸዋል። እኛ ደግሞ ከኪሳችን ከፍለን፣ ጨርቁ በሳሳ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዳንዴም በስቲኩ የምንመታት ነጯ ኳስ ከሌሎቹ ጋር በክብደት በማትመጣጠንበት ሁኔታ እንጫወታለን። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ሻፍቱ በእኛ እጅና በእኛ ጠረጴዛ ላይ ምን እንደሚሠራ ነው።

ነጯን መሃሏን ለሚመታ ሰው የሻፍቱ ዓይነት ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ልዩነቱ የሚወጣው ሽክርክሪት ለመስጠት ነጯን ወደ ጎን ስንመታት ነው። ቀኝ ጎኗ የተመታች ኳስ ስቲኩ ባነጣጠረበት መስመር አትሄድም፤ በጥቂቱ ወደ ግራ ትሸሻለች፤ ርቀቱ ረጅም ሲሆንም ይህች ጥቂት መሸሽ ቀዳዳ የሚገባውን ኳስ ጠርዝ ለማስመታት ትበቃለች። የሽሽቱን መጠን በዋናነት የሚወስነው የሻፍቱ ጫፍ ክብደት ነው። ቆዳውና ኳሷ ተነካክተው የሚቆዩት ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በዚያ ቅጽበት የምቱን የጎን ግፊት የሚካፈለው ከጫፉ አንድ ስንዝር ገደማ ያለው የሻፍቱ ክፍል ነው። ያ ክፍል ከባድ ከሆነ ኳሷን ወደ ጎን ይገፋታል፤ ቀላል ከሆነ ግን እሱ ራሱ ገለል ይልላታል። በፑል ቤት «ሻፍቱ ስለሚለመጥ ነው» እየተባለ የሚነገረው ማብራሪያ ትክክል አይደለም። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምህንድስና መምህር የነበሩትና ይህን ጉዳይ በልኬት ያጠኑት ዴቪድ አልሲያቶሬ እንደሚያስረዱት፣ ወሳኙ የጫፉ ክብደት እንጂ የሻፍቱ መለመጥ አይደለም።

የሬቮ ትልቁ ጥቅም የሚመነጨው ከዚህ ነው። ካርቦን ፋይበር ጠንካራ ሆኖ ሳለ ቀላል በመሆኑ፣ ሻፍቱ ቀጭን ቱቦ ሆኖ ሊሠራ ይችላል፤ ጫፉም ከተለመደው የሜፕል እንጨት ሻፍት ጫፍ በግልጽ ይቀልላል። በጠረጴዛው ርዝመት ልክ የሚመታን ኳስ ከጎን ሽክርክሪት ጋር ስሞክር፣ በእንጨቱ ሻፍት ለሽሽቱ ብዬ እጨምረው የነበረውን የማነጣጠሪያ ማካካሻ በእጅጉ መቀነስ አስፈልጎኛል። ማካካሻው ጨርሶ አይጠፋም፤ «ይህ ሻፍት ኳስን አያሸሽም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትመኑት። ካርቦን ብቻውን የዚህ ጥቅም ባለቤት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ፕሪዴተር ራሱ በ1990ዎቹ ያወጣው 314 የተባለው ሻፍት፣ አሥር የእንጨት ቁራጮችን አጣብቆ ጫፉን ባዶ በማድረግ ይህንኑ ዓላማ በእንጨት ያሳካ ነበር፤ ዛሬም ጫፋቸው የቀለለ የእንጨት ሻፍቶችን የሚሠሩ ኩባንያዎች አሉ፤ ዋጋቸውም ብዙውን ጊዜ ከካርቦኑ ያነሰ ነው።

ለሰሜን ሸዋ ተጫዋች ግን ካርቦኑን ከፍ አድርጌ እንዳየው ያደረገኝ ሌላ ነገር ነው፤ እሱም የአየሩ ጠባይ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ደረቅ ነፋስና ፀሐይ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ እርጥበቱ ግድግዳ ውስጥ ይሰርጋል። ጣርማ በርን አልፎ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው፣ በአንድ ቀን ከብርድ ልብስ አገር ወደ ሙቀት አገር ይገባል። እንጨት ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብና መልሶም ስለሚለቅ፣ እንዲህ ባለ መለዋወጥ ውስጥ የኖረ ሻፍት ቀስ በቀስ ይጣመማል፤ በየፑል ቤቱ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙትን ስቲኮች ጠረጴዛ ላይ አንከባልሎ ያየ ሰው የምለውን ያውቃል። ካርቦን ፋይበር እንደ እንጨት እርጥበት አይስብም። የእኔው ሻፍት ክረምቱንም በጋውንም፣ ደጋውንም ቆላውንም አይቶ እንደ መጀመሪያው ቀን ቀጥ ብሎ ይንከባለላል። ብርዱ የጠረጴዛውን የጎማ ጠርዝ ሲያደነዝዘውና ኳስ ሳይነጥር ሲቀር ግን ምንም ዓይነት ሻፍት መፍትሔ አይሆንም።

በእጅ ላይ ያለው ስሜትም ጥሩ ነው። እንጨት ላብ፣ አቧራና ቾክ ስለሚጠጣ በጣቶች መካከል መያዝ ይጀምራል፤ በዚህን ጊዜ ብዙ ሰው ብርጭቆ ወረቀት አንስቶ ይፍቀዋል፤ በየጊዜው የተፋቀ ሻፍትም እየሳሳ ሄዶ የቀድሞ መጠኑን ያጣል። ሬቮን በአልኮል በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል። በብርጭቆ ወረቀት ግን ፈጽሞ መነካት የለበትም፤ የላይኛው ገጽታው ይበላሻል፣ የካርቦን ብናኙም ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

የማልወድለት ነገርም አለ። ድምፁ የታፈነ ነው፤ ጥሩ ሜፕል ኳስ ሲመታ የሚሰጠው ጥርት ያለ ድምፅና እስከ መዳፍ የሚደርስ ንዝረት በዚህ ላይ አይገኝም። በእጁ ስሜት ተመርቶ የምቱን ጉልበት የሚመጥን ተጫዋች ይህን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚህ የሚበልጠው ችግር ከሰፈራችን ልማድ ጋር የተያያዘ ነው። የተሸነፈ ሒሳብ በሚከፍልበት ጨዋታ ላይ ተጋጣሚ «በአንድ ስቲክ እንጫወት» ሊል ይችላል፤ እንቢ ማለትም ነውር ይመስላል። ዛሬ በካርቦን ነገ በቤቱ ወፍራም ስቲክ የሚጫወት ሰው ሁለት ዓይነት ማነጣጠር በአንድ ጭንቅላት መያዝ ይኖርበታል፤ ይህ ደግሞ ጀማሪን ከመርዳት ይልቅ ያውከዋል። ስለዚህ ሻፍቱን የምመክረው የራሱን ስቲክ ይዞ ለሚንቀሳቀስና በሳምንት ውስጥ ደጋግሞ ለሚጫወት ሰው ብቻ ነው። ሻፍቱ ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር የአሜሪካ ዶላር ዋጋ አለው፤ ይህን በብር መንዝሮ፣ የማምጫውንም ጨምሮ ላሰላ ጀማሪ፣ ቀጥ ያለ ባለ ሁለት ቁራጭ የእንጨት ስቲክና ተደራርቦ የተሠራ ጥሩ የጫፍ ቆዳ ገዝቶ የቀረውን ለመለማመጃ ሰዓት ቢያውለው እጅግ የተሻለ ነው።

ውፍረትን በተመለከተ ሬቮ በ12.9፣ በ12.4 እና በ11.8 ሚሊሜትር ይሠራል። የውድድር ደንቡ የጫፍ ቆዳ ከ14 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ብቻ ስለሚያዝ ሦስቱም ይፈቀዳሉ። 13 ሚሊሜትር ገደማ የሆነውን የተለመደ እንጨት ለምዶ የኖረ እጅ ወደ 12.9 በቀላሉ ይሻገራል። 11.8 ነጯን በትክክል የት እንደሚመታ ለሚያውቅ፣ ክንዱ ለማይወላገድ ተጫዋች ነው፤ ቀጭን ጫፍ የምት ስህተትን አይሸፍንም። የእኔ ምርጫ 12.4 የሆነው 57.15 ሚሊሜትር ስፋት ባላት ኳስ ላይ የምመታውን ነጥብ በደንብ እያሳየኝ ሳለ በጣቶቼ መካከልም ስለማይጠፋ ነው።

የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት የኋለኛው ግማሽ ስቲኩ ላይ ያለውን የብሎን ዓይነት ማወቅ አለበት። መጋጠሚያዎቹ ብዙ ናቸው፤ ዩኒ ሎክ፣ ራዲያል፣ 3/8 በ10፣ 5/16 በ14 እና 5/16 በ18 (የመጀመሪያው ቁጥር የብሎኑ ውፍረት በኢንች፣ ሁለተኛው በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉት ጥርሶች ብዛት ነው) ከሚታወቁት መካከል ናቸው፤ አንዱ ለሌላው አይገጥምም። ከውጭ አገር በዘመድ በኩል የመጣ ውድ ሻፍት ሳይገጥም ቀርቶ ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ዕቃውን ለሚያመጣላችሁ ሰው የብሎኑን ፎቶ ከማስመሪያ ጋር አንስታችሁ፣ በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉትን ጥርሶችም ቆጥራችሁ ላኩለት። ትርፍ የጫፍ ቆዳም አብሮ እንዲያመጣ ንገሩት፤ ሬቮ ይዞት የሚመጣው ቆዳ ለስላሳ በመሆኑ ከጠንካራው ፈጥኖ ያልቃል። ቆዳው ሲቀየር ደግሞ አብዛኛው የእኛ ባለሙያ በምላጭ ዙሪያውን መላጨት ስለለመደ፣ ምላጩ ካርቦኑን እንዳይቧጭረው ከቆዳው ሥር ያለውን ክፍል አስቀድሞ በቴፕ ጠቅልሎ እንዲሠራ ጠይቁት፤ ሥራውም እስኪያልቅ ከአጠገቡ አትለዩ።