የሶኬት ዙሪያ ፍሬም፦ ለማብሪያ ማጥፊያ ይሁን፣ ለምጣድ ሶኬት አይሁን

ከመስከረም ወዲህ በቤቴ ግድግዳ ላይ ስለከረሙት ነጭ የአክሪሊክ ፍሬሞች የምጽፈው አንዱ ስለተጣመመ ነው። ሌሎቹ ደህና ናቸው። በመኝታ ቤቱና በኮሪደሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች ዙሪያ የነበረውን ስንጥቅና የልጆች የጣት እድፍ ሸፍነዋል፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲያብሷቸው ይጸዳሉ። ስለ እነርሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። የተጣመመው በወጥ ቤት፣ በምጣዱ ሶኬት ዙሪያ ያለው ነው። የታችኛው ጠርዙ ወደ ውጭ ተቆልምሟል፤ ወደ ሶኬቱ የሚጠጋው ክፍል ደግሞ ቡናማ ሆኗል።

ዕቃውን ላላየ ሰው፦ መሃሉ ክፍት የሆነ ካሬ ሰሌዳ ነው። ቻይና ሠራሽ የሆኑት ካሬ ሶኬቶች ክዳናቸው በየጎኑ 86 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ፍሬሙ ከዚያ በዙሪያው ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይተርፍና የፈረሰውን ልስን ይሸፍናል። በማጣበቂያ የሚለጠፍ አለ፤ ክዳኑ ተፈትቶ ከሥሩ የሚገባም አለ። የእኔ ሁለተኛው ነው። የሚለጠፈውን ያልመረጥኩት ማጣበቂያው የሚይዘው ቀለሙን እንጂ ግድግዳውን ስላልሆነ ነው፤ ሲነሳ ቀለሙንም ስቱኮውንም ይዞ ይነሳል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ፍሬም ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠይቀኝም። ቤቱን ስንረከብ የውስጥ ማጠናቀቂያው ሥራ የእኛ ነበር። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ሆዱ ባዶ ነው። ለሶኬት ቦታ ለማውጣት በመሮና በመዶሻ ሲመታ ስስ የሆነው ፊቱ ከሚፈለገው በላይ ይፈርሳል። ከዚያ የፕላስቲኩ ሳጥን ባዶው ውስጥ ይቀመጥና በትንሽ ሲሚንቶ ይያዛል። ቀለም ቀቢው በላዩ ስቱኮ ይቀባበታል። ርክክብ ላይ ያምራል። መሰኪያ ሲሰካና ሲነቀል ሲከርም ግን መጀመሪያ ቀለሙ፣ ቀጥሎ ስቱኮው፣ በመጨረሻም ልስኑ ይረግፋል። ለአንዲት ቀዳዳ ግንበኛ መጥራት ከባድ ነው፤ ለግማሽ ሰዓት ሥራ የሙሉ ቀን አበል ይጠይቃል፤ እሱም ከመጣ ነው። ስለዚህ ፍሬም መግዛቴን ማንም ሞኝነት እንዳያደርግብኝ።

ባለሱቁ ግን ሌላ ነገር ነበር የሸጠልኝ። «እህቴ፣ ሶኬቱንም ያጠብቅልሻል፤ አንዴ ካስገባሽው ትረሺዋለሽ» አለኝ። የመጨረሻው ቃሉ እውነት ነው፤ ረሳሁት፤ ከሥሩ ያለውን ሶኬትም ጭምር። የመጀመሪያው ቃሉ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ፍሬሙ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ከክዳኑ ሥር ሲገባ ክዳኑን ከግድግዳው በዚያው ልክ ያርቀዋል፤ ብሎኑም ከሳጥኑ በዚያው ልክ ይወጣል። ጥቂት ጥርስ ብቻ ነክሶ የቀረ ብሎን ምን ያጠብቃል? ከእሽጉ ጋር ረዘም ያለ ብሎን አብሮ ቢሰጥ ምን ነበረበት? መሰኪያው ሲነቀል ሶኬቱ አብሮ ይነቃነቃል፤ ሶኬቱ ሲነቃነቅ ሽቦዎቹ ይጎተታሉ፤ ሽቦዎቹ ሲጎተቱ ማሰሪያቸው ይላላል።

የላላ ማሰሪያ ይሞቃል፤ በመብራት መስመር ላይ ቢሆን ለረጅም ጊዜ ላይታወቅ ይችላል። ምጣድ ላይ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። 3,500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት ላይ ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ያ የተራ ሶኬት የመጨረሻ ወሰን ነው። ባለ 10 ዋት አምፖል የሚስበው የአንድ አምፔር ሃያኛ እንኳ አይሞላም። በማሰሪያ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ የሚያድገው ከአምፔሩ ጋር እኩል ሳይሆን በካሬው ነው፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በአንድ ዓይነት የላላ ማሰሪያ ላይ ምጣዱ የሚፈጥረው ሙቀት ከአምፖሉ ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ይሆናል። እንጀራ ሲጋገር ይህ ለደቂቃ አይደለም፤ ሊጡ እስኪያልቅ ነው።

ባለሱቁ «እንግዲህ ጥፋቱ የሶኬቱ ነው እንጂ የፍሬሙ አይደለም» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ይሁንልህ ወንድሜ፣ ሙቀቱን ያመጣው ፍሬሙ አይደለም። የደበቀው ግን እሱ ነው። ድሮ በሶኬቱ ዙሪያ የነበረው ግድግዳ መልኩ አስቀያሚ ቢሆንም ይታይ ነበር፤ ቀለሙ ቢጠቁር ወይም ሳጥኑ ቢንቀሳቀስ ወጥ ቤት የገባ ሁሉ ያየዋል። አክሪሊክ የሚለሰልሰው ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። የተለመደው የቤት ሽቦ ልባስ ደግሞ ፒቪሲ የተባለ ፕላስቲክ ሲሆን የሚፈቀድለት እስከ 70 ዲግሪ ድረስ ነው። ፍሬሙ ተጣሞ እኔን እስኪያስጠነቅቀኝ ድረስ ሽቦው ወሰኑን ካለፈ ቆይቷል ማለት ነው። ይህን ሳስብ ነው የምናደደው።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ብሬከሩን አጥፍቶ ክዳኑን በካቻቪቴ ሲፈታው የአንዱ ሽቦ ልባስ ጠቁሮ ደርቆ ነበር፤ በጣት ሲነካ ተፈረፈረ። ሳጥኑ በብሎኬቱ ሆድ ውስጥ ያለ አንዳች መያዣ ይወዛወዛል። የተቃጠለው ሽቦ ተቆረጠ፤ ሳጥኑ በአሸዋና በሲሚንቶ ዙሪያውን ተሞልቶ እስኪደርቅ ተጠበቀ፤ ለምጣዱም ከብሬከሩ ጀምሮ ራሱን የቻለ መስመር በባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ተዘረጋለት። የጠርዙ ክፍተት በጀሶ ተደፈነ። ጀሶ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል፤ ዋጋውም ከፍሬሙ ያነሰ ነው፤ ባለሱቁ ግን ጀሶ አይሸጥም።

አሁን ሶኬቱ ቢጎተት ንቅንቅ አይልም። ዙሪያው የተለየ ቀለም ስላለው ባለቤቴ «ፍሬሙን እንመልሰው» ይላል። አይመለስም።

ለማብሪያ ማጥፊያ ከሆነ ግዙት፤ ሳጥኑ አለመወዛወዙን በእጃችሁ ሞክራችሁ፣ ረዘም ያለ ብሎንም አብራችሁ። ለምጣድ፣ ለምድጃ፣ ለውኃ ማሞቂያ ሶኬት ግን ማንም ቢያባብላችሁ አትግዙ። አንድ ትርፍ ፍሬም ቀርቶኛል፤ የጎረቤቴ ዓይን አርፎበታል፤ ለማቀዝቀዣዋ ሶኬት ፈልጋዋለች። መጀመሪያ ዙሪያውን በጀሶ ታስሞላና እሰጣታለሁ።