ረጅሙ ካርካኖ ከ10 ወር በኋላ፦ ዕድሜውን ማንበብና ዕቃውን ማመሳከር

የምገመግመው ካርካኖ የሚባለውን የጣልያን ሞዴል 1891 ረጅም ጠመንጃ ነው። ተርኒ (የጣልያን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ)፣ 1917 የሚል ማህተም አለው፤ 6.5 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 1.28 ሜትር፣ ክብደቱ 3.8 ኪሎ ገደማ። በፈቃድ የተያዘ ቅርስ ነው፤ አይተኮስበትም። 10 ወሩን ያሳለፈው ድሬዳዋ ውስጥ ነው።

ካርካኖን የሚመሰክርለት ቱቦው ላይ የተቀረጸው ነው፤ አብሮት የመጣው ወሬ አይደለም። ድሬም ሆነ ሐረር "የአድዋ ምርኮ ነው" ተብሎ የሚቀርብ ካርካኖ ሞልቷል። አድዋ ላይ ግን የጣልያን ጦር በዋናነት የያዘው 10.4 ሚሊ ሜትሩን ቬተርሊ ቪታሊ ጠመንጃ ነበር። ዓመቱ 1917 እ.ኤ.አ. የሆነ ቱቦ ደግሞ ጭራሽ አድዋ ሊደርስ አይችልም። ጣልያን ሐረርንና ድሬዳዋን የያዘው በግንቦት 1936 እ.ኤ.አ.፣ የለቀቀው በመጋቢት 1941 ስለሆነ፣ እዚህ ያለ አብዛኛው ካርካኖ ከዚያ ዘመን ጋር ቢያያዝ አይገርምም።

በጣም የተለመደው ስህተት የዘመን አቆጣጠር ነው። ብረቱ ላይ ያለው ዓመት የፈረንጅ ነው። 1936 ያለውን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ጠመንጃው የተሠራው ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው ብሎ ይደመድማል፤ በእኛ ግን 1928 ወይም 1929 ዓ.ም. ነው። ከ1920ዎቹ ወዲህ በተሠሩት ላይ ከዓመቱ ጎን የፋሺስት ዘመን ቁጥር በሮማ ፊደል ሊኖር ይችላል። ቆጠራው ከጥቅምት 1922 ይጀምራል፤ 14ኛው ዓመት ከጥቅምት 1935 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 1936 መጨረሻ ነው። ስለዚህ 1936 ከ14 ወይም ከ15 ጋር ይሄዳል። ከ13 ጋር ካገኙት ማህተሙን በጥርጣሬ ይዩት።

ማህተሙን ለማየት 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና ባትሪ ይበቃል። ባትሪውን ከላይ አያብሩ፤ ከጎን አስተኝተው ያብሩ፤ ጥልቀቱን የሚያወጣው ጥላው ነው። ፊደሉ ውስጥ ነጭ ጠመኔ አሽተው ትርፉን በጣት ጠርገው ፎቶ ያንሱ። ጠመኔው እርጥበት ስለሚስብ ወዲያው በዘይት ጨርቅ ይወልውሉት። የሚታየው ከመዝጊያው (ወደ ኋላ ተስቦ ጠመንጃውን የሚከፍተው ብረት) ቤት ፊት ባሉት የቱቦው ጠፍጣፋ ገጾች ላይ ነው፦ የፋብሪካው ስም፣ ዓመቱና መለያ ቁጥሩ። ይህ ቁጥር ሰደፉ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ ይሳሳታል። ካርካኖ መዝጊያው ላይ መለያ ቁጥር አይመታበትም፤ የፋብሪካና የተቆጣጣሪ ምልክት ብቻ ነው ያለው። "መዝጊያው ቁጥር የለውም፣ የተቀየረ ነው" ማለት ባዶ ክርክር ነው። ይልቅ የሚያስጠረጥረው በግልጽ የተቀረጸ ቁጥር ያለበት መዝጊያ ነው፤ ቁጥሩ በኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል። ፈቃድ ላይ የሚጻፈውም ከቱቦው እንደተነበበ ይሁን።

አጭር ካርካኖ ቀርቦልዎ የኋላ ማነጣጠሪያው ትልቁ የረጅሙ ከሆነ፣ ምናልባት 91/24 የሚባለው ሞዴል ነው፤ ከረጅሙ ተቆርጦ የተሠራ። ረጅሙ ቱቦ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ወደ አፈሙዙ እየጠበቀ ስለሚሄድ፣ ሲቆረጥ በጣም የሚጠመዘዘው ክፍል አብሮ ተቆርጧል። የ91/24 ኢላማ የመሳት ችግር ከዚያ ይመነጫል።

በ10 ወሩ የተበላሸው ብረቱ አይደለም፤ እንጨቱ ነው። በድሬ ሙቀት እንጨቱ ደርቆ ጠበበ፣ ቱቦውን ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዙት ቀለበቶች ላሉ፣ ሰደፉ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ወጣ። የተልባ ዘይት አዳነው፦ በጨርቅ ስስ አድርጎ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ትርፉን መጥረግ፣ ሳይቸኩሉ ደርቆ ሲያበቃ መድገም፤ ሦስት ጊዜ ይበቃል። ወፍራም ከቀቡት ይጣበቃል፣ አቧራውንም ሁሉ ይሰበስባል። አሸዋ ወረቀት ግን በፍጹም አይንካው፤ ሰደፉ ላይ ያለውን ቁጥር አብሮ ይፍቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚመሳከር ነገር አይኖርም። በዋንዛ የተተካ ሰደፍ ካለ ቅለቱና የማህተሙ አለመኖር ያጋልጠዋል።

ዝገት ሲታይ ዘይትና ጥጥ ጨርቅ፣ ትዕግሥት። ድስት የሚፈተግበት ሽቦ ጥቁሩን ሽፋን ይገፍፋል። የቱቦው ውስጥ በአሮጌ ጥይት የተተኮሰ ከሆነ መጀመሪያ ሙቅ ውሃ፣ ከዚያ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት፤ ጥይቱ የሚተወውን ጨው የሚያሟሟው ውሃው ነው፣ ዘይት አይደለም። ሐረር ክረምት ላይ ቆዳ ማኅደር ውስጥ አይተዉት፤ ቆዳው እርጥበት ይዞ ብረቱን ይበላል። አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጎ ማቆምም ዘይቱን ወደ ሰደፉ አንገት ያወርደዋል፣ እንጨቱም ይለሰልሳል። አስተኝቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሲፈታ መጀመሪያ ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። መዝጊያው የሚወጣው ቃታው ተይዞ ወደ ኋላ ሲሳብ ነው። የፊትና የኋላ ብሎኖች አንድ ዓይነት ስላይደሉ ለየብቻ በወረቀት ጠቅልሎ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ተለዋውጠው ከገቡ ጥርሱ ይበላል። ብሎን መፍቻው ለብሎኑ ቦይ ልክ የሆነ ይሁን።

የጎደለው ሁለት ነገር ነው፦ ስድስት ጥይት የሚይዘው ማቀፊያና ከቱቦው ስር የሚሰካው መወልወያ ዘንግ። ማቀፊያው የናስም የብረትም አለ፣ በሁለቱም በኩል ይገባል፤ ያለ እሱ ጠመንጃው ጥይት በተራ አያቀርብም። ዘንጉን በብረታ ብረት ቤት ማሠራት ይቻላል፣ ግን ቅጂ መሆኑ በጽሑፍ ይያዝ። የኔው አሁንም ዘንግ የለውም፤ ቦታው ባዶ እንደሆነ ቆይቷል፣ ትክክለኛው እስኪገኝ።